የዱ ሳብል ቤተሰብና የቺካጎ አጀማመር

የቺካጎን ታሪክ ከአንድ ነጋዴ ይልቅ ከአንድ ጋብቻ ብጀምረው እመርጣለሁ። ጥቁሩ ነጋዴ ዣን ባፕቲስት ፕዋን ዱ ሳብል በቺካጎ ወንዝ አፍ ሰፍሮ የቢቨርና የሌሎች ጸጉራም አውሬዎችን ቆዳ ይነግድ ነበር። ባለቤቱ ኪቲሃዋ፣ በክርስትና ስሟ ካትሪን፣ የፖታዋቶሚ ተወላጅ ነበረች። በዚያ ንግድ አዳኙ ቆዳውን ለማያውቀው ሰው ሳይሆን ለዘመዱ ማቅረብን ይመርጥ ነበርና፣ ባዕዱን ነጋዴ ዘመድ ያደረገችው እርሷ ናት፤ ያለ እርሷ መጋዘኑ ባዶ በሆነ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ጋብቻቸው እ.ኤ.አ. በ1788 በካሆኪያ በካቶሊክ ሥርዓት ጸና፤ ዣንና ሱዛን የተባሉ ልጆችም ነበሯቸው። በ1800 ዱ ሳብል ቤቱን ከነወፍጮውና ከነከብቱ በ6000 ሊቭር ሸጠ። ንብረቱ ኋላ በጆን ኪንዚ እጅ ገባ፤ ከተማይቱም ለረጅም ዘመን «አባቴ» ስትል የኖረችው ኪንዚን ነው።