ደብዳቤ ይዞ የመጣ ልጅ

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ ሾፌር ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን አንዴ ቢያስፈትሽ አይፈረድበትም። ጋራዡና ጎሚስታ ቤቱ መንገዱን ተከትሎ የተደረደረው ለዚሁ ነው። በእነዚህ ቤቶች ደጃፍ ቆሞ ጆሮውን የጣለ ሰው የሚሰማው ቋንቋ ይገርመዋል፦ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን። እንደ ሊማሊሞ መንገድ ሁሉ ቃላቱንም ትቶልን የሄደው ጣልያን ነው። ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማራቸው መምህር ግን አልነበረም። ረዳቱ ከባለሙያው አፍ ሰማ፤ እሱም በተራው ባለሙያ ሲሆን ለራሱ ረዳት አቀበለ፤ እንዲህ በቅብብል ከሰማንያ ዓመት በላይ ተሻገሩ።

ዛሬ በዚሁ ደጃፍ ሌላ ዓይነት ተማሪ ይመጣል። ቱታው አዲስ ነው፤ ዘይት አልነካውም። ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ደብዳቤ አለ።

«ጋሼ፣ ከቴክኒክ ተልኬ ነው። ለትብብር ሥልጠና።»

«ምን ትችላለህ?»

«ሌቭል ሁለት ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ምን ትችላለህ ነው ያልኩህ።»

ልጁ ዝም ይላል። ባለጋራዡም ሳቅ ብሎ ሻይ እንዲያመጣ ይልከዋል። ይህን የሚሰማ ሁሉ በባለጋራዡ ይፈርድ ይሆናል። እኔ ግን ሻዩን ትተን ጥያቄውን ብቻ ብንወስድ ሰውየው ልክ ነው እላለሁ፤ ሳያውቀው የተናገረው የሥርዓቱን መሠረተ ሐሳብ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቴክኒክና ሙያ የገባ ሠልጣኝ ትምህርቱን የሚማረው ሁለት ቦታ ነው፤ በተቋሙ ወርክሾፕና በእውነተኛ የሥራ ቦታ። በቴክኒክና ሙያ ሰፈር «70 በ30» የሚባል አነጋገር አለ፤ ከሥልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ማለት ነው። አንድ የወረዳ ተቋም ያን ሁሉ ተግባር በራሱ ማሽን አይችለውም። ስለዚህ ሠልጣኙን ወደ ጋራዥ፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ ግንባታ ቦታ ይልከዋል። ተቋሙ፣ ድርጅቱና ሠልጣኙ ይፈራረማሉ፤ ልጁ ምን ምን እንደሚለማመድ ዕቅድ ይያዝለታል፤ የሠራው ሥራም ሎግ ቡክ በሚባለው መዝገብ ላይ እየተጻፈ የድርጅቱ ባለሙያ ይፈርምበታል። ትብብር ሥልጠና የሚባለው ይህ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ ምዘናው ይመጣል። ሕዝቡ «ሲኦሲ» ይለዋል፤ «ሲኦሲ ወሰደ»፣ «ሲኦሲ ወደቀ» ሲባል የማያውቅ የለም። ለእያንዳንዱ ሙያ፣ በዚያ ሙያ የተሰማራ ሰው ምን ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝር የሙያ ደረጃ ተጽፏል። ደረጃው፣ ልጁ «ሌቭል» ያለው ማለት ነው፣ ከ1 ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ታች ያለው በሰው ትእዛዝ የሚሠራ እጅ ነው፣ ላይ ያለው ሌላውን የሚመራ። መዛኙ የሚመጣው ከሥራው ዓለም ሲሆን ያሠለጠነው ሰው የራሱን ተማሪ እንዳይመዝን ተደርጓል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው፤ ውጤቱም 87 ወይም 62 አይባልም፦ ወይ ብቁ ነህ፣ ወይ ገና አልበቃህም።

ይህ አሠራር ሥር የያዘው በ1996 ዓ.ም. ከወጣው የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ቁጥር 391 በኋላ፣ ይልቁንም በጀርመኖች ድጋፍ ተዘጋጅቶ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ነው። አዋጁ በ2008 ዓ.ም. በቁጥር 954 ተተካ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩን የያዘው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የስትራቴጂው ትልቁ ለውጥ ሰውን በክፍል በተቀመጠበት ሰዓት መለካት አቁሞ በሚችለው ነገር መለካት መጀመሩ ነበር። ከዚህም አንድ ትልቅ ነገር ተከተለ፤ የት ተማርክ አይባልም። በተቋም የሠለጠነ፣ ከአባቱ የለመደ፣ አሥራ አምስት ዓመት በረዳትነት የሠራ፣ ሁሉም ለምዘናው መቅረብ ይችላል። እንግዲህ የባለጋራዡ «ምን ትችላለህ?» አዋጅና ስትራቴጂ ከቆመበት ነገር አንድ ጋት አልራቀም።

እስቲ ከጋራዡ ወጥተን ወደ ተራራው እንውጣ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የምግብ ዝግጅትና የቱሪዝም ማሠልጠኛውም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነበር። አንዱ እንግዳ መጥሪያ፣ ሌላው እንግዳ ተቀባይ ማፍሪያ። በመካከላቸው ግን 800 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ የደባርቅ ልጅ ደግሞ እንግዳ መቀበልን የተማረው ከእንግዳው ኋላ እየሄደ ነው። ጎብኚ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ አጃቢ፣ ፓርኩን አያልፍም፤ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎው በየማኅበራቸው ተራ ይዘው ይሰማራሉ።

ከእነዚህ መካከል ምግብ አብሳዩን ልብ በሉልኝ። ከፓርኩ ማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃ በር ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ግጭና ጨነቅ ላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ድስቱን የሚጥደው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ እዚያ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይንተከተካል እንጂ አይግልም። ቆላ ላይ በሰዓቱ የሚበስለው ምስርና ድንች እዚያ «ቆይ» ይላል። ከተማ ሠልጥኖ የመጣ ልጅ የምግብ ዝግጅት መጽሐፉን ይዞ ጨነቅ ቢወጣ በመጀመሪያው ማታ እንግዳውን ጥሬ ያበላዋል። የደባርቁ አብሳይ የዲግሪውን ቁጥር ባያውቀውም ክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫኑን፣ ጥራጥሬውን ከማለዳው መዘፍዘፉን፣ እሳቱ ከነፋስ በየት በኩል እንደሚጠለል ያውቃል። ሥልጠና በሥራ ቦታ ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ዕውቀት አገሩ ላይ ካልሄዱ አይገኝም። የምዘናው በርም ለዚህ አብሳይ ክፍት ነው። ሃያ ዓመት ያበሰለበትን እጁን ይዞ ቀርቦ «መዝኑኝ» ማለት ይችላል። ለብዙዎቹ ግን ይህን የነገራቸው የለም።

ወረቀት ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። በአንድ ነገር ልመልስ። በሰሜንና በወገራ መንደሮች ማረሻውን፣ ማጭዱንና የሸክላ ድስቱን ሲሠሩ ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ ጎረቤቱ በሥራቸው እየተጠቀመ በስማቸው ያላግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሲሄዱ እጃቸውም አብሮ ሄደ። የተጻፈ ደረጃ የለም፣ የተመዘነ ተተኪ የለም። ንቀቱን ግን ነገሥታቱ ራሳቸው አልወደዱትም፤ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እጀ ብልሃተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከእሳቸውም በፊት፣ እዚሁ ሰሜን ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት አጤ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ወጣቶች ከፈረንጆቹ ባለእጆች ንባብና ሙያ እንዲማሩ አድርገው ነበር። ንጉሥ ያከበረውን ሙያ መንደር ሲንቀው መኖሩ የአገራችን አንዱ ግራ ነገር ነው።

አሁን ንቀቱን ኑሮ ራሱ እየገፋው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ከ100 ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ግማሽ ነጥብ ያገኙት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወዴት ይሂዱ? «ቴክኒክ ገባ» ሲባል ከንፈር የሚመጥ ወላጅ ይህን ቁጥር ደጋግሞ ቢያስበው ይሻለዋል።

ሥልጠናን ከሥራ ቦታ ጋር ማጋባት ለአካባቢያችን አዲስ መስሎ የሚታየው ካለ ዳባትን ይጠይቅ። የደንቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግሥት በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ይሠለጥኑበት ጀመር። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወደፊት በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚሠሩ ከሆነ አብረው ይማሩ፤ የሚማሩትም ሕዝቡ ባለበት ይሁን። እስከ ዛሬ «ቲቲፒ» የሚባለው የቡድን ሥልጠና ከዚያ የመጣ ነው። ተመራቂ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ ኮላድባና ዳባት ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይሰነብታሉ፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያሉ፣ በሽታውን ከኑሮው ጋር አስተያይተው ያጠናሉ። ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደቱና ሞቱ በቤተሰብ እየተመዘገበ የሚጠናበት፣ ኮሌጁ ያደገበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያም ናት። እንግዲህ አንድ የዳባት እናት ስንት ሐኪም በደጃፏ እንዳስተማረች ቆጥራ አትጨርሰውም። ጋራዡና ሆቴሉ ከጤና ጣቢያው የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ እዚያ የመጣው ተማሪ ሻይ ለማምጣት እንዳልተላከ ሁሉም የሚያውቅ መሆኑ ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በአንድ ወርክሾፕ፣ ስሙ ይቅር፣ ሁለት ወር ለልምምድ ተልኬ ነበር። ጠረግሁ፣ ተላላክሁ፣ የወደቀ ብሎን ለቀምሁ። በመጨረሻው ቀን ሎግ ቡኬን ሳቀርብ አለቃው አንዴ እንኳ ሳያነብ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ብሎ ፈረመልኝ፤ ብየዳ የሚለው መስመር ላይ ጭምር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መዛኙ ፊት ቆሜ ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሲለኝ ያ ፊርማ ምን ያህል እንደጎዳኝ ገባኝ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። አስተማሪ መሆኑን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ጀርመኖች ይህን በሕግ ዘግተውታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ድርጅቱ ለሠልጣኙ ወርኃዊ አበል ይከፍላል፤ አሠልጣኝ የሚሆነውም ሰው ሙያውን ብቻ ሳይሆን ማስተማር መቻሉን ማሳየት አለበት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ የሥራ ላይ ትምህርት ውል ስትደነግግ ለገንዘቡም አሰበችበት፤ አሠሪዎች ከደመወዝ ወጪያቸው 1 በመቶ ያዋጣሉ፣ ያሠለጠነው ከዚያ ይካሳል። እኛ ዘንድ ደብዳቤው በአብዛኛው የሚቆመው በባለድርጅቱ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። በጎ ፈቃድ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል።

በራሱ ፈቃድ ለማጅ የሚይዝ አሠሪ ግን ሕግ የለውም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ለሚለምድ ሰው የተለየ ውል ደንግጓል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ የሥልጠናውን ዓይነትና ዘመን፣ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሥራውን ሁኔታ ይይዛል። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ አያሰማራም፤ ሲጨርስም ምን እንደለመደና ለስንት ጊዜ እንደሆነ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መያዝ ክልክል ነው። «ልጁ የእኅቴ ልጅ ነው» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም።

የጊዜው ክፋት ያልነካው የለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ሰላማዊ ሰው ፈጀ፤ ከዚያም ወዲህ ተራራው በእንግዳ አልጠገበም። እንግዳ የሌለው ሆቴል ሠልጣኝ ቢቀበል የሚያሳየው ባዶ ጠረጴዛ ነው። ሰላም ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ሰሜን እንግዳ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሲሆን ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ነው። የሆቴልና የአስጎብኚነት ሠልጣኝ ለልምምድ የሚላክበት ወራት ከዚህ ጋር ካልተገጣጠመ ልጁ የሚለማመደው መስኮት ላይ ቆሞ ዝናብ ማየትን ነው። ተቋማቱ የመላኪያውን ወር እንደ አካባቢው ቢያስተካክሉት ከአዲስ ማሽን ግዢ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ባለጋራዥ፣ ባለሆቴል፣ ግንበኛ ሆይ፦ ደብዳቤ የያዘ ልጅ ሲመጣ «ምን ትችላለህ?» ማለትህን አትተው። መልስ ካጣ ዕቅዱን ከኪሱ አስወጣና አብራችሁ አንብቡት፤ በእጁ ሲሠራ ያላየኸውን መስመር አትፈርም። ሙያውን ከልጅነትህ ይዘህ ወረቀት የሌለህም ብትሆን ወደ ወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደህ የሚቀጥለው ምዘና መቼ እንደሆነ ጠይቅ።