ሰሊጥ አጫጅ እንዴት ይታመናል?

መስከረም ሲጋመስ በቆላው የሰሊጥ አገር በአብደራፊ ባለመሬቱም አጫጁም እንቅልፍ የላቸውም። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ በግንዱ ታችኛው በኩል ያለው ቆባ ቀድሞ ይደርቅና ጫፉ ይከፈታል፤ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። የፈሰሰውን የሚለቅም የለም። ስለዚህ ቆባው ሳይከፈት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። ለዚህ ነው ከደጋው የጉልበት ሠራተኛ በብዛት ወደ ቆላ የሚወርደው።

ታጭዶ የታሰረው ነዶ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። አጫጁ በሂላ ቁጥር ሲቀጠር ዋጋው ጠዋት ይቆረጣል። አንድ ሂላ ስንት ነዶ እንደሆነ ግን ካልተነገረ፣ ማታ ቆጣሪው «ይሄማ ትንሽ ነው» ብሎ ሁለቱን ሂላ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። አጫጁ ላይከራከር ይችላል። በማግስቱ ግን እጁ ይለወጣል፤ ነዶውን አላልቶ ያስራል፣ ወርወር አድርጎ ያቆመዋል፤ ቆባው በተመታ ቁጥር ፍሬ ይረግፋል። ባለመሬቱ ጉድለቱን የሚያየው ሂላው ሁለት ሳምንት ያህል ደርቆ፣ ነዶው ሸራ ላይ ተገልብጦ ሲራገፍ ነው። ያኔ አጫጁ ሄዷል።

ይህን ጉድለት ቁጥጥር አያድነውም፤ በዚያ ሁሉ ማሳ የእያንዳንዱን እጅ ማን ይጠብቃል? ዋጋው ዝቅ ሲል አጫጁ «ገበያው ነው» ብሎ ይችለዋል። ቁጥሩ ሲጎድል ግን «ናቀኝ» ይላል፤ ንቀት ደግሞ ከዋጋ ማነስ ይልቅ ያማል። ክፍያው የሚያልፍበት እጅም እንዲሁ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ክፍያ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው እንዲሰጥ የሚያዘው። በደላላ እጅ የሚያልፍ ብር እምነትን ይበላል።

ሌላው የእምነት መፈተኛ ሕመም ነው። አገሩ የካላዛር አገር ነው፤ ትኩሳቱ ይከርማል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። አብደራፊ ውስጥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና እባብ የነደፈውን ሰው ለዓመታት አክመዋል። ባልንጀራው በትኩሳት ሲወድቅ ባለመሬቱ ሒሳቡን ሳይነካ ጤና ጣቢያ ሲያደርሰው ያየ አጫጅ፣ ደመና ሲያንዣብብ ሰሊጡን ለማዳን ሳይጠሩት ይነሳል።

ባለመሬቶች፣ ማጭድ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሂላ አቁሙና «ልኩ ይህ ነው» በሉ። ማታም አጫጁ ባለበት ቁጠሩ።