ዝምታ ፈቃድ ነው?

መስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በቡራዩ በወገኖቻቸው ላይ የደረሰው ግድያ ያስቆጣቸው ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለችው ዶርዜም የዚሁ ባህል ልጅ ናት። እኛ የከተማ ሰዎች በጋቢዋ፣ የዝሆን ፊት በሚመስለው የቀርከሃ ቤቷና በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቿ እናውቃታለን። አባቶች ተቀምጠው የሚመክሩበትና ጠብ የሚያበርዱበት ዱቡሻም ከቅርሶቿ አንዱ ነው።

አሁን ሽሮ ሜዳ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት የዶርዜ ተወላጅ አለች እንበል። አባቷ ሞተው ቤት ትተዋል። ወንድሞቿ «በአባቶች ፊት እንጨርሰው» አሏት። የአባት ቤት ለወንድ ልጅ ነው የሚለው ልማድ እንዳይረታት ሰግታለች። ሽማግሌን እምቢ ማለት ግን ከበዳት፤ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ይህ ዝምታዋ ፈቃድ ሆኖ ይቆጠር ይሆን?

ሕገ መንግሥቱ ለባህላዊ ዳኝነት በሩን አልዘጋም። አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ይናገራል፤ ነገር ግን «በተከራካሪዎች ፈቃድ» ይላል። የአንዱ ወገን ፈቃድ ብቻ አይበቃም። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በውርስ በእኩልነት የመታየት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 9 መሠረትም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም።

ይህ ቃል በተግባር ተፈትኗል። በአዲስ አበባ አንድ የውርስ ቤት ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ የተከሰሰችው ሴት «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቀድኩም» አለች። ተቃውሞዋ እስከ ሰበር ድረስ ተቀባይነት አላገኘም። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ነገሩ የሸሪዓ ቢሆንም አንቀጹ ሃይማኖትንና ባህልን አንድ ላይ ስለሚጠቅስ፣ ትምህርቱ ለዱቡሻም ይሠራል።

አንድ ልዩነት ግን ልብ እንበል። ያቺ ሴት ዝም አላለችም፤ ገና ከመነሻው ተቃወመች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርህ ደረጃ ዝምታን እንደ ውል መቀበል አይቆጥርም። ሆኖም በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ፣ ተከራክሮና በመጨረሻ ፈርሞ «አልፈቀድኩም» ማለት ከባድ ነው። በተለይ ፊርማ አደገኛ ነው፤ በሕግ አግባብ የተደረገ የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል።

ስለዚህ ከቤተሰባችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ሦስት ነገሮችን ያስብ። አንደኛ፣ የሽምግልናውን መንገድ ካልፈለገ ከመጀመሪያው በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ይናገር፤ ቢቻል በጽሑፍ። ሁለተኛ፣ ያላነበበውንና ያልገባውን ወረቀት አይፈርም። ሦስተኛ፣ ንብረቱ የገጠር መሬት ከሆነ የራሱ አዋጅ ስላለው፣ ከመስማማቱ በፊት የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤትና የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ።

ይህ አባቶችን መናቅ አይደለም። ሽምግልና ከፍርድ ቤት ደጅ የዓመታት ምልልስ ያድናል፤ ወንድምና እህትንም ለመስቀል በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። እርቁ የሚጸናው ግን ሁሉም ወደው ሲገቡበት ነው። አንገቷን ደፍታ ለተቀመጠችው እህት ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» ቢላት፣ የሕገ መንግሥቱን ጥያቄ በራሷ ቋንቋ ጠየቃት ማለት ነው።