መንገድ ዳር ያለው ፔንሲዮን ኢንተርኔት ላይ ለምን ጠፋ?

«ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ትሰማላችሁ። የአጎቴም ነገር እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አጎቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከተማ አነስተኛ ፔንሲዮን አለው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ጋቢውን አውልቆ የይፋት ቆላ ውስጥ የገባ መንገደኛ ሁሉ በደጁ ያልፋል። ታዲያ ባለፈው ክረምት ለእረፍት ሄጄ ስልኬ ላይ «ሸዋ ሮቢት ማደሪያ» ብዬ ብፈልግ የሌላው ሁሉ ሲመጣ የእሱ ቤት የለም። ድረ ገጽ ግን አለው፤ ያውም ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው።

የሠራለት ሰው «ጎግል ላይ አንደኛ አወጣሃለሁ» ብሎት ነበር። አጎቴም «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ አይደል? እስቲ ምን እንደነካው እይልኝ» አለኝ። ጋዜጠኝነትን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር መጀመሪያ ላይ። ነገሩ ውስጥ ስገባ ግን ግማሹ የእኛው የትምህርት ክፍል ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ጽሑፍ ላቀርብላችሁ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ጎግል እንዴት ያገኘናል?

ብዙዎቻችን አንድ ቃል ጽፈን ስንፈልግ ጎግል በዚያች ሰኮንድ ዓለምን ዞሮ የሚመጣ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ «ጎግልቦት» የሚባለው ፕሮግራም በሊንክ እየተሸጋገረ ገጾችን ይጎበኛል። ቀጥሎ ያነበበውን በትልቅ መዝገብ ውስጥ ያሰፍራል፤ ይህ መዝገብ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ የምናገኘውን የቃላት ማውጫ ይመስላል። በመጨረሻም ሰው ሲጠይቅ ከመዝገቡ ውስጥ ለጥያቄው ይስማማሉ ያላቸውን በቅደም ተከተል ያቀርባል። ስለዚህ አንድ ገጽ «ጠፋ» ሲባል ጨርሶ አልተጎበኘም? ተጎብኝቶ አልተመዘገበም? ወይስ ተመዝግቦ ከኋላ ተሰለፈ? ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ጎግል «ሰርች ኮንሶል» የሚባል መሣሪያ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነፃ ይሰጣል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ያፈለቁት ሐሳብ ለእኛ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ጎግልን እ.ኤ.አ. በ1998 ኩባንያ አድርገው አቋቋሙት። የመመረቂያ ጽሑፍ ስንሠራ ብዙዎች የጠቀሱት መጽሐፍ ክብደት አለው አይደል? እነሱም አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲሰጥ እንደ ጥቅስ ቆጠሩት። ራሱ ብዙ ከተጠቀሰ ገጽ የመጣ ጥቅስ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ዛሬ ይህ ከብዙ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ ነው። እንደ ፔንሲዮን ላሉ የአካባቢ ንግዶች ጎግል ራሱ ሦስት ዋና ነገሮችን ይጠቅሳል፦ ከጥያቄው ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ከፈላጊው ያለው ርቀትና ታዋቂነት። በዚህ ዝርዝር ደረጃን በገንዘብ ማሻሻል እንደማይቻልም በግልጽ ይናገራል። ማስታወቂያ መግዛት ይቻላል፤ እሱ ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ለብቻው ይወጣል። እንግዲህ «አንደኛ አወጣሃለሁ» ያለው ሰው በእጁ የሌለውን ነገር ነበር የሸጠው።

የአጎቴ ገጽ ሕመም

ድረ ገጹን ከፍቼ ሳየው ያምራል። ሕመሙ የታየኝ አንዱን ዓረፍተ ነገር መርጬ ለመቅዳት ስሞክር ነው፤ አልቀዳ አለኝ። ለካስ ስሙም፣ ስልክ ቁጥሩም፣ የክፍሎቹም ዝርዝር እንደ ፖስተር በሥዕል መልክ የተሠራ ነው። ሰው ያነበዋል፤ መዝጋቢው ፕሮግራም ግን ከሥዕል ላይ ጽሑፍ ለቅሞ ያወጣልኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። የገጹ ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» ነው የሚለው። ማን? የት? አይልም። ከታች ደግሞ በነጭ ላይ በነጭ ቀለም «ሆቴል ሆቴል ሆቴል አልጋ አልጋ» የሚል ለሰው የማይታይ ጽሑፍ ተደርድሯል። ይህ ጎግልን ለማታለል የሚደረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ጎግል ይከለክለዋል፣ ገጹንም ወደ ኋላ ሊጥለው ወይም ጨርሶ ሊያስወጣው ይችላል። ከገጹ ጀርባ በተሰወረ ቦታ የተደረደሩ «ቁልፍ ቃላት»ም ነበሩ። እነዚህን ደግሞ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምባቸው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ሞክሼ ሆሄያት የሚያመጡት ጣጣ

እዚህ ላይ የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ጉዳይ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ አለው፦ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280፤ ሠ 1220፣ ሰ 1230፤ ጸ 1338፣ ፀ 1340። እኛ ስናነባቸው አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን አንድ መሆናቸውን የሚያስተምረው ከሌለ በቀር «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንደ «በግ» እና «ፍየል» የተለያዩ ቃላት ናቸው።

በአጎቴ ቤት ጉዳይ ላይ ይህን ስፈትሽ ገረመኝ። ከሚያውቋቸው ሾፌሮችና እንግዶች አሥሩን ስልካቸው ላይ እንዲፈልጉ ብጠይቅ አንዱ «ፔንሲዮን»፣ አንዱ «ፔንስዮን»፣ አንዱ «ፔንሽን»፣ ሌላው «አልጋ ቤት» ብሎ ጻፈ። ከተማዋንም አንዱ «ሸዋ ሮቢት» ለያይቶ፣ አንዱ «ሸዋሮቢት» ገጥሞ፣ አንዱ «ሮቢት» ብቻ ብሎ። «ሮቢት» ብቻ ከተባለ ደግሞ በቆቦ በኩልም በባሕር ዳር አቅራቢያም ሮቢት አለ። አካባቢውም በሰው አፍ «ይፋት» ሲሆን በታሪክ መጻሕፍት «ኢፋት» ይባላል። በላቲን ፊደል የሚጽፉትማ «ሸዋ»ን እንኳ በሁለትና በሦስት መንገድ ይጽፏታል።

መፍትሔው ሁሉንም ዓይነት አጻጻፍ መደርደር አይደለም፤ ያ ከነጩ ጽሑፍ አይለይም። እኛ ያደረግነው አንዱን አጻጻፍ መርጠን በሁሉም ቦታ ያንኑ መጠቀም ነው። ሌሎቹን ደግሞ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባናቸው። ለምሳሌ፦ «በሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ይፋት ቆላ፣ በደሴ መንገድ ላይ የሚገኝ ፔንሲዮን፤ መንገደኞች አልጋ ቤቱን በሮቢት ይሉታል።»

ምን ምን አደረግን?

1ኛ፦ በሥዕል የነበረውን ሁሉ በዩኒኮድ ጽሑፍ ተየብነው። ስልክ ቁጥሩንም እንዲሁ።

2ኛ፦ ርዕሱን እንደ ዜና ርዕስ ጻፍነው። መምህሮቻችን ሁልጊዜ «ማን፣ ምን፣ የት» ይሉናል አይደል? ቅኔ ያዘለ ርዕስ ለመጣጥፍ ያምራል፤ ለፈላጊ ሰው ግን የቤቱ ስም፣ «ፔንሲዮን» እና «ሸዋ ሮቢት» ይበቁታል።

3ኛ፦ እንግዶች በስልክ የሚጠይቁትን ለአንድ ሳምንት መዘገብኩ። መኪና ማቆሚያ አለ? ክፍሉ ፋን አለው? ማታ ውሃ ይኖራል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት መውጣት ይቻላል? መልሶቹን በገጹ አናት ላይ አደረግን። የዜና አጻጻፍ የተገለበጠ ፒራሚድ ማለት ይኸው ነው።

4ኛ፦ ፎቶዎቹን አሳነስን። ጎግል ገጾችን በስልክ ላይ በሚታዩበት መልክ መመዘገብ እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቆ፣ በ2023 ሽግግሩን ማጠናቀቁን ገልጿል። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ከባድ ፎቶ እስኪከፈት የሚጠብቅ መንገደኛ የለም።

5ኛ፦ የቤቱን ቦታ በጎግል ካርታ ላይ አስመዘገብን። የራስ መሆኑን ለማረጋገጥ ደጁን፣ መንገዱንና የቤቱን ታፔላ የሚያሳይ ቪዲዮ ቀርጸን ላክን። በካርታው፣ በድረ ገጹና በታፔላው ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት እንዲሆን ተጠነቀቅን።

የከተማዋ ስምና የዜናው ነገር

የከተማዋን ስም ብቻዋን ጽፌ ስፈልግ ግን በብዛት የመጣልኝ የጦርነት ዜና ነበር። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ እንደነበር፣ ብዙም ሳይቆይ መለቀቋን የሚናገሩ ዘገባዎች አሉ። አጎቴ «ይህን ማጥፋት አይቻልም?» አለኝ። አይቻልም፤ ቢቻልም ማጥፋት ያለብን አይመስለኝም። የሆነ ነገር ነው። ዜናው ቀኑን ይዞ ይኑር፤ የእኛ ገጽ ደግሞ ዛሬ ቤቱ ክፍት መሆን አለመሆኑን በእውነት ይናገር። መንገድ ሲዘጋ «ክፍት ነው» ብሎ የሚል ገጽ ሰውን አደጋ ላይ ይጥላል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረም እናስታውሳለን። ስለዚህ ገጹ መጨረሻ የታደሰበትን ቀንና «ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉ» የሚል መስመር ጨመርንበት።

«ሃያ ምስጋና ጻፉልኝ»

ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ጎግል የእንግዶችን አስተያየት ለታዋቂነት እንደሚቆጥር ስነግረው አጎቴ ደስ አለው። «በቃ ጓደኞችሽ ጸሐፊዎች አይደሉ? ሃያ ምስጋና ጻፉልኝ!» አለ። አልጋውን ያላየ ሰው ስለ አልጋው እንዴት ይመሰክራል? «ጋሼ፣ ይህን ካደረግኩ ነገ ዜና ስጽፍ ማን ያምነኛል?» አልኩት። የጎግልም ደንብ የውሸት አስተያየትን ይከለክላል፤ ለአስተያየት ተብሎ ቡና እንኳ በነፃ መጋበዝ አይፈቀድም። አጎቴ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን «እውነተኛ አስተያየትዎን ይስጡን» የሚል ወረቀት አትሜ እንግዳ መቀበያው ላይ ለጠፍኩ።

የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፦ ሦስት ኮከብ፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ማታ ግን ውሃ የለም። አጎቴ «ይኸው! አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ብሎ ተቆጣ። አስጠፊልኝም አለ። እኔ ግን መልስ እንዲጽፍ ለመንኩት። «ልክ ነዎት፣ እናስተካክላለን» ብሎ ጻፈ። ከጻፈ በኋላ መቼም ቃል ወጥቷል፤ ወር ሳይሞላ ጣራው ላይ ሮቶ አስቀመጠ።

አሁን የቤቱን ስም ከከተማዋ ጋር ለጻፈ ሰው ገጹ ከላይ ይመጣል። «ሸዋ ሮቢት ሆቴል» ብቻ ለሚል ግን ትልልቆቹ ይቀድሙታል፤ እነሱ ብዙ የተጠቀሱ ናቸው፣ ጊዜም ይፈልጋል። አንዳንዱ ለውጥ በቀናት፣ አንዳንዱ በወራት ነው የሚታየው። በቅርቡ ስደውል አጎቴ የነገረኝ ስለ ደረጃው አልነበረም። ያ ሾፌር ተመልሶ መጥቶ አድሯል፤ ጠዋት ሲወጣም ስልኩን አውጥቶ አስተያየቱን አርሟል። አራት ኮከብ። «አምስተኛውን ለምን ከለከለኝ?» እያለ አሁንም ይጠይቀኛል።