የጋራ ካርታና የለውጥ መዝገቡ



ካርታ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አንድ መሥሪያ ቤት ለክቶና አጽድቆ ያሳተመው ሥራ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በስቲቭ ኮስት አነሳሽነት እንግሊዝ አገር የተጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ ግን የተመዘገበ ሰው ሁሉ የሚያርመው ነው። እንዲህ ያለውን ካርታ በምን እንመነው? እኔ ከሥዕሉ ይልቅ በለውጥ መዝገቡ እላለሁ፤ መዝገቡን ማንበብ እስከቻልን ድረስ።

በካርታው ላይ ያለ እያንዳንዱ ነገር የእትም ቁጥር አለው። አንድን መንገድ በእትም 7 ወስጄ ሳርም ሌላ ሰው ቀድሞኝ ካስገባ፣ በቋቱ ያለው 8 ሆኗልና ሰርቨሩ የእኔን እርማት አይቀበልም። ሁለቱን አስታርቄ መመለስ የእኔ ድርሻ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን መንገድ እንደ አዲስ ቢስሉት ግን ሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አድርጎ ይቀበላቸዋል። ከ2010ሩ የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ በተሠራው የሥራ ማከፋፈያ ቦታው በአራት ማዕዘን የሚሸነሸነውና አንዱ ሽንሽን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተመራማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሌላ ነው። መንገድ በነጥቦች ላይ የተዘረጋ መስመር ነው፤ ነጥቦቹ ደግሞ የራሳቸው የእትም ቁጥር አላቸው። አንድ ሰው ነጥቦቹን ሃምሳ ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፋ መንገዱ በሥዕሉ ላይ ይዞራል፣ የመንገዱ የእትም ቁጥር ግን አይጨምርም። የመንገዱን ታሪክ ብቻ አይቶ «ለአምስት ዓመት አልተነካም» የሚል ጥናት ስለዚህ ባዶ ላይ ቆሟል። የነጥቦቹም ታሪክ መነበብ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው የስም ነገር ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት የተባለችውን፣ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ የተመለሰችውን አዳማን ውሰዱ። የአሁኑና የቀድሞው፣ የአማርኛውና የኦሮምኛው ስም ለየብቻቸው የሚጻፉበት መስክ ስላለ አንዱን ለማስገባት ሌላውን መሰረዝ አያሻም። የሚሰርዝ ቢመጣ መዝገቡ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ይነግረናል፤ ለምን እንደለወጠ የሚነግረን ግን ሰውየው ከለውጥ ጥቅሉ ጋር የጻፈው ማስታወሻ ብቻ ነው። ብዙዎች ግን «ማስተካከያ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ ያለው ማስታወሻ ካለመጻፍ አይሻልም። «በመንገድ ዳር ሰሌዳው ላይ እንደተጻፈው» ቢባል ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሄዶ ሊያጣራው ይችላል።

በዚህ መንፈቅ ዓመት የምታስረክቡትን ካርታ ሳርም ከሥዕሉ በፊት የምከፍተው የማስታወሻዎቻችሁን ዝርዝር ነው።