እብደትን በደም ጠብታ ማወቅ ይቻላልን?

አንባቢ ሆይ፤ ትኩሳት ቢይዝህ ጣትህን ወግተው ከደምህ ውስጥ ወባን ይፈልጋሉ። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣውን፣ ምግብ ያስጠላውንና ከሰው የሚሸሸውን ወንድምህን ወደ ሐኪም ብትወስደው፣ ደሙ ተመርምሮ «ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ይሰጥህ ይሆናል። ይህን ይዘህ «ስንፍና ነው» ብለህ እንዳትፈርድበት አደራ! ያ ምርመራ ድብርትን ሊያሳይ አይችልምና።

እብደት በደም የታወቀበት ጊዜስ ነበረ። በአውሮፓ የእብዶች ሆስፒታሎች፣ አንደበቱ እየተሳሰረ፣ ጕልበቱ እየዛለ፣ «እኔ ንጉሥ ነኝ» እያለ የሚሞት በሽተኛ ብዙ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ቫሰርማን ቂጥኝን በደም የሚያሳውቅ ምርመራ አወጣ፤ በዚሁ አቈጣጠር በ1913 ጃፓናዊው ሂዴዮ ኖጉቺና ባልደረባው ሙር የቂጥኝን ተሕዋስ ከእነዚያ ሙታን አንጎል ውስጥ አገኙት። ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ መሰለህ? እብደት ይባል የነበረው ቂጥኝ ተባለ፤ በኋላም በፔኒሲሊን የሚታከም ሆነ።

ለድብርትም እንዲህ ያለ ተስፋ ነበር። ከኩላሊታችን በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ከምሽቱ 5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ብትውጥ፣ አንጎልህ ኮርቲዞል የበዛ መስሎት «ይብቃ» ይላቸዋል፤ በማግሥቱ ደምህ ሲለካ ወርዶ ይገኛል። በብዙ የድብርት ሕመምተኞች ግን አይወርድም። በርናርድ ካሮልና ባልደረቦቹ በ1981 ይህ ምርመራ ለከባድ ድብርት መለያ ይሆናል ብለው ባሳተሙ ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ተቀበሉት። ደስታው አልቈየም፤ ሰውነቱ የከሳ፣ መጠጥ በቅርቡ የተወ፣ በእርጅና አእምሮው የደከመ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድም ሰው ኮርቲዞሉ አልወርድ አለ። ከድብርት ሕመምተኞችም ብዙዎቹ ጤነኛ መስለው ታዩ።

እንደ እኔ አሳብ ችግሩ ከደሙ ይልቅ በስሙ ላይ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ለድብርት 9 ምልክቶች ይቈጥራል፤ ስሙን ለመስጠት 5ቱ ይበቃሉ። እንግዲህ አስላው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ተሰጥቷቸው የሚጋሩት ምልክት 1 ብቻ ሊሆን ይችላል! አንዱ አይተኛም፣ ሌላው ከአልጋ አይነሣም፤ ለሁለቱ አንድ ጠብታ እንዴት ይመስክር?

ዛሬም ሐኪሙ ደም ይቀዳል፤ የሚቀዳውም የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የደም ማነስ ወይም ያው ቂጥኝ ድብርት መስሎ እንዳያታልለው ነው። ከዚያ በኋላ ወንበሩን አስጠግቶ ወንድምህን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራው፣ ለመሞት አስቦ እንደሆነም ይጠይቀዋል። አንተንም ይጠይቅሃል፤ ጠባዩ ከመቼ ወዲህ እንደተለወጠ አብሮት የኖረ ያውቃልና።