ቍጥርን መርምሮ ማንበብም ጤናን መጠበቅ ነው

ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት መጻፍ የተለመደ ተግባራችን ነው። በዚህ ወር ግን ስለ ቍጥር ለመናገር የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ስለ በሽታ የሚነገር አኃዝ በስልክ አማካይነት ከሐኪሙ ቃል አስቀድሞ ከየቤቱ ይደርሳል፤ አንዱን በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሌላውን ደግሞ «ወባ ቀንሷል» አሰኝቶ ትኩሳት የያዘውን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ሳይወስድ ያዘገየዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ይህን አይቶ 7.3 ሚሊዮን ሰዎች ታመሙ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢታመም ሁለት ጊዜ ይቈጠራልና። በ1950 ዓ.ም. ማለቂያ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰዎች አሳሞ 150,000 ያህል ገደለ የሚባለው ደግሞ ቈጠራ ሳይሆን የሊቃውንት ግምት ነው። ግምት ነው ማለታችን ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም።

ያ ወረርሽኝ የበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርሰው አገር ነበር። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ስትገኝ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፥ ለወባ ትንኝ ሁለቱ ከተሞች እጅግ የተለያዩ አገሮች ናቸው። ስለዚህ የሁለቱን አኃዝ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ደሴን ያለ ልክ ያስፈራል፤ ኮምቦልቻን ያዘናጋል። በደሴ የታከመ ሁሉም በደሴ የተነደፈ አይደለም፤ ከቆላው ወደ ደሴ ለሕክምና የሚወጣ አለና።

ከሺህ ሰው ስንቱ ታመመ ለማለት የሕዝቡ ብዛት መታወቅ አለበት። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ደሴ ከነገጠሯ 151,000 ያህል፥ ኮምቦልቻም ከነገጠሯ 85,000 ያህል ሕዝብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶ ሠራተኛ ከየአቅጣጫው መጥቷል። የዛሬውን በሽተኛ በ1999ኙ ሕዝብ የሚያካፍል ሰው በሽታውን ከእውነተኛው አብዝቶ ያሳያል።

መምህራን ይህን በሒሳብ ትምህርት ሰዓት ቢያስረዱ መልካም ነው። ለምሳሌ በአንድ ጤና ጣቢያ ከተመረመሩት 100 ሰዎች በ40ው ወባ ተገኘ እንበል። ይህ ማለት ከከተማው ሕዝብ 40 በመቶው ታመመ ማለት አይደለም፤ ለምርመራ የሚሄደው አስቀድሞ ትኩሳት የያዘው ነውና። እንዲሁም የጥቅምት ወር አኃዝ መመዛዘን ያለበት ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጋር እንጂ ከሐምሌ ጋር አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ መጨመሩ የየዓመቱ ጠባይ ነው። (ወሩ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ሳይለይ የሚናፈሰው አኃዝ ብዛቱ ያስገርማል።)

በስልክ የመጣው አኃዝ ከፍም ይበል ዝቅ፥ ትኩሳት የጀመረው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት።